የዝምታው ሃያ ሦስተኛ ቀን

«ስድስት... ሰባት...» እንደሻው በሆዱ ይቆጥራል። በጠዋቱ የመምህራን ስብሰባ ርእሰ መምህሩ ፍሰሐ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ይናገራል።

«ስለዚህ ለዞኑ የሳይንስ ፈጠራ ውድድር ዘንድሮ የሚወክለን ነህምያ ቢሆን ይሻላል ብለናል። ልጁ መድረክ አይፈራም፤ እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው።»

እንደሻው ደሙ ከአንገቱ ወደ ጆሮው ሲወጣ ይታወቀዋል። የተማሪዋን የጁወይሪያን ሥራ ራሱ አይቶታል። ልጅቷ በሁለት የመዳብ ሳህኖችና ከአሮጌ ሬዲዮ በተነቀለ ባለ መርፌ ቆጣሪ ስንዴ ጎተራ ከመግባቱ በፊት እርጥበቱን የሚለካ መሣሪያ ሠርታለች። አባቷ ጎበሳ በምትባል የገጠር ከተማ አካባቢ ገበሬ ናቸው፤ አምና ስንዴያቸው ሻግቶባቸዋል። ነህምያ የሠራው ደግሞ የፀሐይና የፕላኔቶች ሞዴል ነው፤ ያምራል፣ ይሽከረከራል፣ በቃ።

«ስምንት... ዘጠኝ... አስር።»

አስር ላይ ሲደርስ ፍሰሐ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ጉዳይ ተሻግሯል። ከቁጥሩ በኋላ ጥያቄ መጠየቅ ነበረበት፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ጥያቄው ግን አልመጣለትም። ቢሆንም ደስ አለው። አልጮኸም። ሃያ ሁለት ቀን አልጮኸም፤ ዛሬ ሃያ ሦስት ሊሆን ነው።

እንደሻው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ዘጠኙን ፊዚክስ አስተምሮበታል፤ አሁን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ተማሪዎቹ ከኋላው «ነጎድጓድ» ይሉታል። ቁጣው እንደ ጭላሎ ተራራ ብርድ ነበር፤ ማንም አይወደውም፣ ማንም ግን አይገረምበትም። በቁጣው የተሰረቀ ፈተና አስመልሷል፤ ያለ አግባብ የተባረረ ዘበኛም ወደ ሥራው እንዲመለስ አድርጓል። በዚያው ቁጣ ስንቱን እንዳስለቀሰ ግን ቆጥሮት አያውቅም።

ለገና ልጁ መክሊት ከባሏ ጋር መጥታ ነበር። ባሏ የግቢውን በር ሳይቆልፍ ተኛ ተብሎ ጠዋት እንደሻው ያነሳው ጩኸት ጎረቤት ድረስ ተሰማ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡሯ መክሊት ሻንጣዋን ዘጋች። መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ሚኒባሱ ላይ ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ «አባዬ፣ ይሄ ልጅ እንዲህ ያለ ጩኸት እየሰማ እንዲያድግ አልፈልግም። ካልተለወጥክ አላመጣውም» አለችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

ከሳምንት በኋላ በስልኩ የድምፅ መልእክት ላከችለት። ሠላሳ ቀን ሞክር አለችው። ንዴት ሲመጣ እስከ አስር ቁጠር፤ ከዚያ ፍርድ ሳይሆን ጥያቄ ይውጣህ። «አእምሮ እንደ ቀጭን የእግር መንገድ ነው፣ አባዬ። ደጋግመህ የሄድክበት ይሰፋል፤ የተውከውን ሣር ይውጠዋል።» እንደሻው መልእክቱን አራት ጊዜ ሰማው፤ በማግስቱም መቁጠር ጀመረ።

ሚስቱ ብርቄ ግን በሁለተኛው ሳምንት፣ «ሐኪም ቤት እንሂድ እንዴ?» አለችው።

«ምን ሆኜ?»

«ምን እንደሆንክማ ባውቅ ምን አስጨነቀኝ። ስትጮህ የት እንዳለህ አውቅ ነበር። አሁን እፊቴ ተቀምጠህ የት እንደሄድክ አላውቅም።»

ይህን ለመክሊት አልነገራትም። እየተሻለው ይሁን እየባሰበት እሱም አላወቀም።

ከጠዋቱ ስብሰባ በኋላ የረፍት ደወል እንደተደወለ ጁወይሪያ ቤተ ሙከራው በር ላይ ጠበቀችው። ካፊያው ሻሿን አርሶታል።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ነህምያ እንዲሄድ እርስዎም ተስማምተዋል የሚባለው እውነት ነው?»

«ማን አለ?»

«ቲቸር ፀዲ። ምነው እኔ ቀረሁ ብዬ ስጠይቃቸው፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ተስማምተዋል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፏል አሉኝ።» ዓይኗን ወደ ጫማዋ መለሰች። «ለመክሰስ አይደለም። እርስዎ ካሉ ልክ ይሆናል ብዬ፣ ለማወቅ ብቻ ነው።»

እንደሻው አፉን ከፈተ። አልተስማማሁም ሊል ነበር። ግን ምን ብሎ ነበር? ምንም። ምንም ያላለ ሰው ተስማምቷል ማለት ነው ወይስ አልተስማማም? ቃል ሲፈልግ ልጅቷ ቀደመችው።

«ገለቶማ፣ ባርሲሳ» አለች፤ በኦሮምኛ መምህሯን አመስግና ሄደች። ያመሰገነችው ስለ ምን እንደሆነ እንደሻው ሊገባው አልቻለም።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የባዮሎጂ መምህሯ ፀዲ ናት። ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደብተር ስታርም አገኛት።

«ፀዲ፣ መቼ ነው እኔ የተስማማሁት?»

ፀዲ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ራስዎን ነቀነቁ እኮ!»

«እኔ?»

«አዎ። አቶ ፍሰሐ ‹ጋሽ እንደሻውስ ምን ይላሉ?› ብሎ ወደ እርስዎ ዞረ። እርስዎ ደግሞ እንዲህ...» ፀዲ ረጋ ብላ ራሷን ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ደግማ ወደ ታች አደረገች። «እንዲያውም ደጋግመው ነው የነቀነቁት። በጣም የተስማሙ ነው የመሰለን።»

እንደሻው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እየቆጠረ ነበር የነቀነቀው፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጊዜ። ሳቅ መጣበት። ፍሰሐ እንደጠየቀው እንኳ አልሰማም። ለሃያ ሁለት ቀን ስንት ቦታ፣ ለስንት ነገር ራሱን ነቀነቀ? ብርቄ የጠየቀችው ነገር ኖሮ ይሆን?

ፍሰሐ ቢሮ ሲገባ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚገባ አላወቀም። የድሮው እንደሻው በሩን በርግዶ ይገባ ነበር። አዲሱ አንኳኩቶ ይቆም ነበር። አንኳኳና መልስ ሳይጠብቅ ገባ።

«አልተስማማሁም» አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ደነገጠና ዝቅ አደረገው። «ጠዋት... ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። የልጅቷ ሥራ ይበልጣል። አንተም ታውቃለህ።»

ፍሰሐ ከእሱ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ ከሌላ ክልል ተመድቦ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። ተነሥቶ ወንበር ሰጠው።

«ሥራዋ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርዎት? እንደሚጮሁብኝ ጠብቄ፣ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ዝም ሲሉ ገረመኝ። ሲነቀንቁማ፣ አሃ፣ እሳቸውም የአምናውን አስበዋል ማለት ነው አልኩ።»

«የአምናውን ምን?»

«መድረክ ላይ ወጥታ አንድ ቃል ሳትተነፍስ እያለቀሰች የወረደችውን ነዋ!»

«ዓይን አፋር ናት። አፈጣጠሯ ነው።»

ፍሰሐ ወንበሩን አስጠጋ። «ለፀዲ የነገረቻት ሌላ ነው። በልምምዱ ቀን ‹ድንጋይ ነሽ እንዴ!› ብለዋታል፣ በጓደኞቿ ፊት። በማግስቱ መድረክ ላይ ስትወጣ ዳኞቹን አላየችም፣ ጋሽ እንደሻው። እርስዎ የፊት ወንበር ላይ ነበሩ።»

እንደሻው ያን ቀን ለማስታወስ ሞከረ። አልመጣለትም። ቃሉ የእሱ ነው፤ ለመቶ ተማሪ ብሎታል። ለእሱ እንደ ጠመኔ አቧራ ከእጁ የሚራገፍ ቃል ነበር፤ ልጅቷ ግን ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራለች።

ነገሩ ተምታታበት። ጠዋት ቢጮህ ኖሮ ጁወይሪያ ትሄድ ነበር። አምና ባይጮህ ኖሮ ጠዋት መጮህ አያስፈልግም ነበር። ታዲያ የቱ ነው መድኃኒቱ፣ የቱ ነው በሽታው? የመክሊት መልእክት እዚህ ላይ የሚለው ነገር አልነበረውም። ከውስጡ አረሙን ነቅሎ ሰብሉን መተው እንዴት እንደሚቻል፣ የሁለቱ ሥሮች ተጠላልፈው ሲገኙ ምን እንደሚደረግ፣ ማንም አላስተማረውም።

«ስም ዝርዝሩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይላካል» አለ ፍሰሐ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቅጽ በጣቱ ነካ አደረገው። «ፀዲም ይታረም ካለች ቃለ ጉባኤውን እናርመዋለን፤ ነህምያንም እኔው አነጋግረዋለሁ። ግን አሰልጣኟ እርስዎ ከሆኑ እኔ ልጅቷን ደግሜ እዚያ መድረክ ላይ አላቆማትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አምስት ዓመት ሙሉ የውድድሩ አሰልጣኝ እሱ ነው። ከእሱ ሌላ የመሣሪያዋን ቆጣሪ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ የለም።

«እሷን አስጠራልኝ» አለ።

ጁወይሪያ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሁለቱንም አየች፤ ጥፋት ሠርታ የተጠራች መሰላት።

«ጠዋት አልተስማማሁም ነበር» አላት እንደሻው። «አልተስማማሁም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ንገሪኝ፤ መወዳደር ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ።»

«ማን ያለማምድሽ?»

ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ። እንደሻው ምላሱ ላይ ብዙ ነገር መጣ፤ ንገሪኝ፣ አልቆጣም፣ ምን ያስፈራሻል፣ መሣሪያውን ከእኔ በቀር ማን ያውቅልሻል። አንዱንም አላለም። ይህ ዝምታ ከጠዋቱ ዝምታ ይለይ አይለይ እርግጠኛ አልነበረም።

«ቲቸር ፀዲ» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ የሚሰማው በጭንቅ ነበር። ወዲያው ተቻኮለች። «እርስዎ ስለማያውቁ አይደለም! እርስዎ...»

«ገባኝ» አለ። ሙሉ በሙሉ አልገባውም ነበር። ቅጹን ወደ ራሱ ሳበ። በተወዳዳሪው ቦታ የነህምያን ስም ሰርዞ የእሷን ጻፈ። ቀጥሎ «አሰልጣኝ» ከሚለው ፊት ለፊት የራሱ ስም እንደ ወትሮው በኮምፒዩተር ተጽፎ ተቀምጧል። እስክሪብቶውን እዚያ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ በአንድ መስመር ሰረዘው።

«የፀዲ አባት ስም ማን ነው?»

«ገብረ መድህን» አለ ፍሰሐ።

ስድስት ዓመት አብራው ሠርታለች። ጻፈው፤ ፈረመበትም።

«የውድድሩ ቀን እርስዎ ይመጣሉ?» ብላ ጠየቀች ጁወይሪያ። ይምጣ ብላ ይሁን ይቅር ብላ ከፊቷ ማንበብ አልቻለም።

«ልምጣ?»

ልጅቷ አሰበች። የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፤ ፈታች።

«አስቤበት ነገ ልንገርዎት?»

«እሺ» አለ እንደሻው፤ ቅጹን ለፍሰሐ አቀበለው።