ገባችሁ?

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራው ተሰቅሎ መዝሙሩ ካለቀ በኋላ፣ የካ ዳገት ላይ ያለው ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ዘውድነሽ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ታላቅ ጉዳይ አበሰሩ። ከዛሬ ጀምሮ በስምንተኛ ቢ ክፍል ዳስተር የለም። መምህራኑ አጨበጨቡ። ዳስተሩ በክብር ግምጃ ቤት ገባ።

በጥቁር ሰሌዳው ቦታ የተሰቀለው ዲጂታል ሰሌዳ ራሱ ያስተምራል። ትምህርቱን ሲጨርስ በለስላሳ የሴት ድምፅ «ገባችሁ?» ይላል፤ ከዚያ ተማሪዎቹ የሚመልሱለትን ሰምቶ ስንት በመቶ እንደገባቸው በአረንጓዴ ቁጥር ያወጣል።

«ከወረዳ ሱፐርቫይዘሩ ሊያየን ሲመጣ ቁጥሩ ከዘጠና ከወረደ፣» አሉት ወይዘሮ ዘውድነሽ የሒሳብ መምህሩን ተክለጻድቅን፣ «አንተም ዳስተሩ ወዳለበት ነህ።»

«ግምጃ ቤት?»

«እዚያም ሰው ያስፈልጋል።»

ተክለጻድቅ ሒሳቡን ትቶ መልሱን ማስጠናት ያዘ። ልጆቹን አንድ ለአምስት አደራጅቶ፣ በየቡድኑ ጎበዙን መሪ አድርጎ፣ «ገብቶናል» ማለትን በአንድ ትንፋሽ አስለመዳቸው። ከመሪዎቹ አንዷ ሰኚ፣ «ቲቸር፣ ስንፈልገው የነበረው ኤክስ ግን የት ሄደ?» ብላ ነበር።

«ሱፐርቫይዘሩ ሲሄድ ይመጣል» አላት።

አንድ ቀን ልጆቹ ወጥተው ተክለጻድቅ ብቻውን ቀርቶ፣ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ባሕር ዛፉን ውጦ መስኮቱ ላይ ሲቆም፣ ሰሌዳው ማንም ሳይነካው በራ።

«ገባችሁ?»

«ገብቶናል» አሉ ባዶዎቹ ዴስኮች። የልጆቹ ድምፅ ነው፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ከማለቱ በቀር። ተክለጻድቅ ቁጥሩን አየ። ዘጠና ስምንት። ጥሩ ቁጥር ስለነበር ለማንም አልተናገረም።

ሱፐርቫይዘሩ አቶ እንድርያስ የመጡ ዕለት ጉሙ ግቢው ድረስ ገብቷል። ክፍሉ እንዳይቆሽሽ ወይዘሮ ዘውድነሽ ከዋዜማው ቆልፈውታል፤ ልጆቹ በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ቁልፉን ከቦርሳቸው ሲፈልጉ ከውስጥ ተሰማ።

«ገባችሁ?»

«ገብቶናል።»

አቶ እንድርያስ ሰልፉን አዩ፣ በሩን አዩ። «ሌላ ክፍልም አለበት እንዴ?»

«ጎበዞቹ ናቸው» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። ቁልፉ ቀዳዳውን እምቢ አላቸው።

በሩ ተከፈተ። ዴስኮቹ ላይ ማንም የለም። ሰሌዳው ላይ መቶ ቁጥር በአረንጓዴ ይበራል። አቶ እንድርያስ ብዕራቸውን አውጥተው መቶውን መጻፍ ጀመሩ።

«ገባችሁ?» አለ ሰሌዳው እንደገና።

ሰኚ ደጅ እንደቆመች፣ የተጠየቀችውን በቅንነት መለሰች።

«ኧረ እኛ አልገባንም።»

መሪያቸው ናትና ከኋላዋ ያሉት በአንድ ትንፋሽ ተቀበሏት። «አልገባንም።»

ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ከባዶዎቹ ዴስኮችም፣ ዘግየት ብሎ፣ ያው ቃል መጣ።