የድንኳን ተረኞች ኮድ

እኔና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያየን። ኮድ ያስተማረኝ ስልኬ ነው። የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየማችን እድር ሊቀመንበር ጋሽ ደበላ ይህን ሲሰሙ የአባላቱን መዝገብ ሰጡኝና የድንኳን ተካይ ተረኞችን በኮምፒውተር አውጣ አሉኝ። ማዕረግ ምናምን አያስፈልግም፣ ስም ብቻ።

ቀላል ነው። «አቶ ሸኪብ ይማም» ለማሽኑ አንድ ረጅም የፊደል ጥልፍልፍ ነው፣ ስትሪንግ ይሉታል። ክፍት ቦታው ላይ ስትቆርጠው ቁርጥራጮቹ እንደ ታክሲ ሰልፍ ይደረደራሉ፤ ሰልፉ አሬይ ነው። ማሽን ሲቆጥር ከዜሮ ይጀምራል፦ ዜሮ አቶ፣ አንድ ሸኪብ፣ ሁለት ይማም። ስለዚህ ከሁሉም ላይ አንድ ቁጥርን አምጣ አልኩት። አንድ መስመር ኮድ፣ አለቀ።

ዝርዝሩ ሲወጣ ስህተቱን አየሁት። እኛን ጎረምሶቹን ማን አቶ ይለናል? አባቶቻችንን ተክተን ስንመዘገብ እኔ «አብርሽ አምባው» ብቻ ነኝ። ዜሮ አብርሽ፣ አንድ አምባው። ማሽኑ እኔን ትቶ አባቴን ጠራ። የጎረምሶቹን ሁሉ አባት ጠራ፣ አብዛኞቹን የቀበራቸው ራሱ እድሩ ነው። ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን ስሜ ከሌለ ተረኛ አይደለሁም፤ ተረኛ ካልሆንኩ ማንም ቢሞት ከኳሴ አልቀርም። አትሜ የእድሩ ቤት በር ላይ ለጠፍኩት።

እሁድ ጠዋት የእትዬ ያለምወርቅ ማረፍ ተሰማ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ለቀስተኛ ሳይመጣ ድንኳኑ መቆም አለበት። ጋሽ ደበላ መነጽራቸውን አድርገው ይጠሩ ጀመር። ኮምፒውተር ያወጣውን አይጠራጠሩም። ጋሽ ሸኪብ ወገባቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ዘአማኑኤል ከነከዘራቸው መጡ። እኔና ጓደኛዬ ሀይረዲን ታኬታ አድርገን ግድግዳ ተደግፈን ሳቃችንን እናፍናለን። ሽማግሌዎቹ አንዱን ብረት ሲያቆሙ ሌላው ይወድቃል፣ ሸራው ጋሽ ሸኪብን ሸፍኗቸው ከውስጥ ያስነጥሳሉ።

«አምባው» አሉ ጋሽ ደበላ።

ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ስድብ ጠበቅኩ፤ «ማሽኑ ነው» የምትል መልስም አዘጋጅቼ ነበር።

«አምባው ቢኖር ሳይጠራ ነበር የሚመጣው» አሉና የወደቀውን ብረት ራሳቸው ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። ጉልበታቸው ቀጭ ሲል ሰማሁት።

«አለ» አልኩ። ሄጄ ብረቱን ከእጃቸው ወሰድኩ።

እሳቸው ወረቀቱን አነሱና ቀጣዩን ጠሩ፣ «ኸሚስ»። የሀይረዲን ሟች አባት ናቸው። ሀይረዲን ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ሰደበኝና ታኬታውን መፍታት ጀመረ።