ለቀርከሃው የተሰጠ ግማሽ ሰዓት

ፓክ ሳርጂማን፣ በእናንተ አነጋገር አቶ ሳርጂማን፣ ለሱምበርጃቲ መንደር አለቃነት ብቻቸውን ሲወዳደሩ ይሸነፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። በማን ይሸነፋሉ? በእኛ ጃቫ ገጠር እጩው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ተቀናቃኙ ባዶ ቀርከሃ ነው፤ ሰውየውን ያልወደደ ድምፁን ለቀርከሃው ይሰጣል። በምርጫው ቀን እጩው መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝብ ፊት ቀኑን ሙሉ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። ቀርከሃውም አጠገቡ የራሱ ወንበር አለው። ወሬ ለሚወድ ሰው ይህ ከባድ ፈተና ነው፤ ቀርከሃው ግን በዚህ በኩል ችግር የለበትም።

ነገሩን ያበላሸችው የገዛ ልጃቸው ናት። ዊንዳርቲ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሰውን አኗኗር ታጠናለች፣ ለኢድ እንኳ ብቅ አትልም። ዘንድሮ ግን ቴፕ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋ አንድን ምርጫ ከሰዎቹ ጋር እየኖረች፣ ከሰዎቹ ጋር እየበላች ቀድታ በድምፅ መተረክ ነው። የቀዳችውን መልሳ ለሰዎቹ ታሰማለች፤ እነሱ ሲሰሙ የሚሉትን ደግሞ ትቀዳለች። የተማረ ሰው ሥራ አያልቅበትም።

አባቷ እንዲያሸንፉ ከልቧ ትፈልጋለች። ሰው ከእንጨት አንሶ ቀና ብሎ እንደማይሄድ ታውቃለች። ግን ለአባቷ አዳላች መባልንም ትፈራለች። መምህሯ ጋ ደወለች።

«ለተቀናቃኛቸውም እኩል ጊዜ ስጪ» አሏት።

«ተቀናቃኛቸው እኮ ባዶ ቀርከሃ ነው፣ መምህር።»

«ድምፅ የሌላቸውን ነው በተለይ መስማት ያለብን!» ብለው ዘጉት።

እሷም ሰማች። የአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ፓክ ሙልጂያንቶ ቀርከሃውን ከጓዳቸው አውጥተው በጨርቅ ወለወሉና በረንዳ ላይ አቆሙላት። ዊንዳርቲ ማይክሮፎኑን አስጠግታ፣ «ለምን ሊወዳደሩ ፈለጉ?» ብላ በትሕትና ጠየቀች። አባቷ ግማሽ ሰዓት አውርተው ነበርና ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ሰብሳቢው በመሐል እንቅልፍ ወሰዳቸው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ በመንደሩ አዳራሽ ተሰብስቦ ሁለቱንም ሰማ። መጀመሪያ ፓክ ሳርጂማን ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይ፣ ከዚያ እንደገና ስለ መንገድ ተናገሩ። ሰው ያዛጋል፣ ያፏጫል። ቀጥሎ የቀርከሃው ተራ ደረሰ። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣ ቃል የለም። ነፋስ ይሰማል፣ ሩቅ እንጨት የሚፈልጥ ሰው አለ። ድንገት ዶሮ ጮኸች።

«ስሙ! የእኔ ዶሮ ናት!» አሉ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ምግብ ጠብሰው የሚሸጡት ወይዘሮ፣ ቡ ሳርቲኔም፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው።

«ይቺ ሳል ደግሞ የእኔ ናት» አለ አንድ ሽማግሌ፣ በኩራት።

«ልጄ ስትስቅ! ልጄ ናት!»

«ዝም በሉ፣ እንስማበት!»

ሰው ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ። ሲያልቅ አንዳንዱ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

«ሳርጂማን ያን ሁሉ ሲያወሩ እኔን መቼ አነሱኝ?» አሉ ቡ ሳርቲኔም። «ቀርከሃው ግን ዶሮዬን እንኳ አልረሱ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ቀርከሃውን አንቱ ማለት ጀመረ።

ፓክ ሳርጂማን ቤት ሲገቡ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። «ምን ብለሽ ጠየቅሽው?»

«እርስዎን የጠየቅሁዎትን ነው፣ አባባ።»

«እና ምን አለ?»

«ምንም።»

«ተንኮለኛ!» አሉና የቅርንፉድ ሲጋራቸውን ለኮሱ። «አያያዙን አውቆበታል። በይ እኔንም ዝም ስል ቅጂኝ!»

ቀዳቻቸው። ግን አባቷን ታውቁ የለ፤ ትንሽ ይቆዩና፣ «ዝም ብያለሁ አይደል?» ይላሉ። ደግሞ ትንሽ ይቆዩና፣ «እንዲህ ነው እንግዲህ ዝምታ ማለት፤ ድልድዩን በተመለከተ ግን…» ይጀምራሉ። አዳራሹ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። ዊንዳርቲ የሕዝቡን ሳቅ እንደ ደንቡ ቀዳች። አላሰማም ብትል ኖሮስ? ማን ይጠይቃት ነበር? ግን ሥርዓቱ እንዲያ ይላል፣ እሷም ሥርዓት አክባሪ ናት።

የምርጫው ቀን ፓክ ሳርጂማን ጥቁር ኮፍያቸውን ደፍተው መድረኩ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ መታቻቸው፣ ላብ አንገታቸው ውስጥ ገባ፣ ከንፈራቸው ግን አልተነቃነቀም። ቀርከሃው ፊት ሰው ሲያልፍ ጎንበስ ይላል። ድምፅ ተቆጥሮ ቀርከሃው አሸነፈ፣ ያውም አስከንድቶ። ፓክ ሙልጂያንቶ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግራ ቢገባቸው፣ እንደ ልማዱ ማይክሮፎኑን ለአሸናፊው አቀረቡ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆየና ጭብጨባው ቀለጠ።

«አጭርና ግልጽ!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

አባትዮው ከዚያ በኋላ ልጃቸውን አላነጋገሩም። ሩዛቸውን ጀርባቸውን ሰጥተዋት ይበላሉ። ሲያወሩ ያደክሟት የነበሩ ሰው ዝም ሲሏት ቤቱ ጠበባት። ልብሷን ሸክፋ ወደ ከተማ ልትመለስ ወሰነች፤ ለትረካዋ መጨረሻ የሚሆን ድምፅ ብቻ ነበር የቀራት።

አዲስ ምርጫ እስኪጠራ ቀርከሃው በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ቢሮው በር ላይ ደግሞ በየጠዋቱ ሰልፍ ነው። ሰው ተራውን ጠብቆ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ የልቡን ተናግሮ ቀለል ብሎት ይወጣል። ዊንዳርቲ በጓሮ ዞራ በተከፈተው መስኮት ሥር ቁጭ አለችና ቴፑን ከፈተች። ቡ ሳርቲኔም ስለ አማታቸው ብዙ ብለው ወጡ። ቀጥሎ የገባውን ሰው በሳሉ አወቀችው። አባቷ ናቸው።

«እንግዲህ አሸንፈኸኛል… አሸንፈውኛል ልበል» አሉ። «ቂም አልያዝሁም። አንድ ነገር ልንገርዎትና ልሂድ። እኔ አለቃነት አምሮኝ አያውቅም። ልጄ…»

የዊንዳርቲ ጣት ቴፑን አጠፋው። ሥርዓቱ እንዲህ አይልም፤ ጣቷ ግን አልጠየቃትም።

«ልጄ የምታጠናው ምርጫ ፍለጋ ሌላ ወረዳ ልትሄድ ነበር። እዚህ ደግሞ ሊወዳደር የፈለገ ሰው ጠፋ። እጩ ከሌለ ምርጫ የለ፣ ምርጫ ከሌለ ልጄ የለች። ስለዚህ ገባሁበት። ያን ሰሞን በየማታው ከእኔ ጋር በላች፤ እንዴት ደስ ይል ነበር መሰለዎት! ለምን ተወዳደሩ ብላ ስትጠይቀኝ ግን አፈርኩ። ስለ መንገድ አወራሁ።»

«ፓክ ሳርጂማን፣ ተራ አለ እኮ!» አለ ከበር ውጭ አንዱ።

«ወጣሁ፣ ወጣሁ! እናንተ ደግሞ! ሥራዋን ጨርሳ ነገ ትሄዳለች። ቁጣዬ አልቋል፣ ግን በምን አፌ ላናግራት? በቃ ይኸው ነው፤ ይቅናዎት።»

ሲወጡ ዊንዳርቲ ቢሮውን ዞራ ሰልፉ ፊት ቆማ ጠበቀቻቸው። ቴፑን አንገቷ ላይ አዩት።

«ቀዳሽው?» አሉ። ካነጋገሯት ሰንብተዋል።

«አልቀዳሁም አባባ። ልጄ ሲሉ አጠፋሁት።»

«ታዲያ አልሰማሽኝማ።»

«ሰምቻለሁ» አለችና ሰልፈኛው ሁሉ እያያት አለቀሰች።