ሁለቴ ከነካ እንግዳ ነው

«ከዚህ ውጣ አንተ! እናቷ የሞተችባት ሰው እግር ስር ምን ትሠራለህ?» አለች የሟቿ ጎረቤት፣ በአክብሮት «ቡ» የምትባለው ዋጊራህ፣ ጭልፋዋን እየቃጣች።

ድመቱ አልወጣም። ቢጫ ነው፤ የጭራው ጫፍ እንደ መንጠቆ ታጥፏል። ክሊዎን በሚባለው የገበያ ቀን መንገድ ላይ ስለተገኘ ስሙም ክሊዎን ሆኖ ቀርቷል። የቀኝ መዳፉን አንስቶ የረትኖን እግር ሁለቴ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ጥቂት ራመድ ብሎ ወደ በሩ አመራና ዞሮ አያት።

ወዲያው «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

ረትኖ እናቷን ሱጊያርቲን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ማታ ማታ ወንዶቹ እየመጡ ይጸልያሉ፤ ቀን ቀን ሴቶቹ በሳህን ሩዝ ይዘው ይመጣሉ፣ ጣፋጭ ሻይ ይጠጣሉ፣ ያማሉም። ይህ እስከ ሰባተኛው ቀን ይቀጥላል። በስምንተኛው ረትኖ ወደ ሱራባያ ከተማ፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ድመቱን ቡ ዋጊራህ ልትወስደው ተስማምተዋል።

የገቡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ከቀመሱ በኋላ፣ «እናትሽ እኮ የልብ ዐይን ነበራት» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ተጣርቼ አላውቅም። አፌን ሳልከፍት በሩን ትከፍትልኛለች።»

«እኔንም!» አለች አንዷ ከጥግ። «ባሌን ልፍታው ወይስ አብሬው ልኑር ብዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳወራት አንዴ አላቋረጠችኝም። ዐይን ዐይኔን እያየች ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ ራሷን ነቅነቅ አደረገች።»

«ፈታሽው ታዲያ?»

«ኧረ አልፈታሁትም።»

«እኔም በሬውን ልሽጠው ወይ ብያት እንደዚያው ነቅነቅ አለች» አሉ ሽማግሌው። «ሸጥኩት።»

ሴቶቹ በአድናቆት ተያዩ። ረትኖ ብርጭቆ ልታጥብ ተነስታ ወጣች።

እናቷ ለመንደሩ ሁሉ የሚሆን ጆሮ ነበራት ማለት ነው። ለእሷ ብቻ ነው የጠፋው።

ከአራት ዓመት በፊት ረትኖ የሰባት ወር ፅንስ ጨነገፈባት። ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና መጀመሪያ የደወለችው ለእናቷ ነበር። አልቅሳ ነገረቻት፤ የተሠራለትን ትንሽ ሹራብ ሳይቀር ነገረቻት። እናቷ ዝም ብላ ሰማችና፣ «እሰይ፣ ጥሩ ነው። በልተሻል?» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ረትኖ ሁለት በዓል ሳትመጣ አሳለፈች። በየወሩ ከእናቷ በአውቶቡስ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይላክላታል፤ በውስጡ ከለውዝ ጋር የተጠበሰ አኩሪ አተር አለ። ከነክዳኑ እዚያው ሱራባያ ለጎረቤት ትሰጠዋለች። አሁን ከሰባቱ ቀን አራት ቀርቷታል፤ እናቷ ለምን «እሰይ» እንዳለቻት የሚነግራት ደግሞ የለም።

በአራተኛው ቀን ረትኖ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ስታጥፍ ክሊዎን ከጓሮ በሩጫ ገባ። በቀጥታ የሄደው እናቷ ትቀመጥበት ወደነበረው የሸንበቆ ወንበር ነው። ባዶ መሆኑን አየ። ቢሆንም መቀመጫውን አንዴ መታው። ጠበቀ። ከዚያ ዞሮ ረትኖ ጋ መጣና የቀሚሷን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ወደ ወጥ ቤት ጎተታት። ጥዳው የረሳችው የኮኮናት ወተት ገንፍሎ ምድጃውን ሊያጠፋው ደርሷል።

ድስቱን አወረደች። ምናልባት ሸቶት ነው አለች በልቧ።

ከሰዓት በኋላ ሻንጣዋ ውስጥ የተወችው ስልክ ሲጮኽ ድመቱ መጥቶ ግንባሩን በግራ ጉልበቷ አሸ። አልተነሳችም። እንደገና አሸ፤ በዚህኛው ጠንከር አድርጎ፣ ለጋሚ ሠራተኛ እንደሚያይ አለቃ እያያት።

እግር ሁለቴ ሲነካ እንግዳ ነው። ቀሚስ ሲጎተት ድስት ነው። ጉልበት ሲታሽ ስልክ ነው። ጆሮው ለሚሰማ ሰው ብሎ ድመትን ይህን ሁሉ ማን ያስተምራል?

ቡ ዋጊራህ ጓሮ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ቡ ዋጊራህ» አለች ረትኖ ቆማ። «እናቴ ትሰማ ነበር?»

ቢላዋው ቆመ።

«በአራት ቀን ደረስሽበት። እኔ ዓመት ፈጅቶብኛል» አለች ዋጊራህ። «ተጠራጥሬ ተጠራጥሬ አንድ ቀን ሆን ብዬ ከኋላዋ ስድስት ብርጭቆ ለቀቅኩ። ስድስት! ዞር አላለችም። ይሄ ጉደኛ ግን እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ሄዶ አሳበቀብኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አስማለችኛ! ልጄ ካወቀች ከተማ ወስዳ ጆሮዬ ላይ ሽቦ ታስገባብኛለች አለች። ደግሞስ ንዱክ ልጄ፣ መንደሩ አዋቂ ብሎ ሲያከብርሽ፣ ኧረ ደንቆሮ ነኝ ትያለሽ?»

«ስልክስ? ታናግረኝ ነበር እኮ!»

«ጆሮዋ ላይ ታደርግና እስከ ሃያ ትቆጥራለች። ከዚያ ‹ጥሩ ነው፣ በልተሻል?› ነዋ። ሌላ ሃያ ትቆጥርና ትዘጋለች።»

ረትኖ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያንን ቀን፣ ፅንሱን፣ «እሰይ» መባሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገረች። ዋጊራህ ዐይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ሰበብ ሆናት።

«ነገሩን አላውቅም ነበር፤ ቀኑን ግን አውቀዋለሁ» አለች። «ስልኩንም ድመቱንም ታቅፋ መጣች። ‹ዋጊራህ፣ ልጄ አንድ ነገር ነገረችኝ፣ ጥሩ ነው አልኳት። ይሄ ግን ከስልኩ አልላቀቅ አለኝ፤ ጠዋት ሙሉ አፉን እየከፈተ ያየኛል። ጥሩ አልነበረም ማለት ነው?› አለችኝ። ደውለሽ ጠይቂያት ብዬ በእጄ ባሳያት፣ ‹በየትኛው ጆሮዬ?› አለች። ጻፊላት እንዳልል ፊደል አልቆጠረች። እኔ ልደውል ብላትም እምቢ። ‹ልቧ የተሰበረ እንደሆነ ከጎረቤት አፍ አልሰማውም› አለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አኩሪ አተር መጥበስ ጀመረች። ‹ምን እንደሆነች ባላውቅም ቢያንስ ትብላ› ብላ።»

ረትኖ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። በአራት ዓመት ውስጥ አንዱንም ቆርቆሮ ከፍታ አታውቅም። መደርደሪያው ላይ ለሚቀጥለው ወር የተዘጋጀ አንድ ቀርቷል። አወረደችው፤ ከፈተችው፤ እዚያው ቆማ መብላት ጀመረች። ክሊዎን እስክትጨርስ ጠበቃት።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ቤቱ ተጠርጓል። ሻንጣዋ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ አየር እንዲያስገባ በቢላዋ የበሳሳችው አንድ ካርቶን አለ። ረትኖ የአውቶቡሱን ሰዓት እየጠበቀች የእናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በመስኮቱ በኩል ቡ ዋጊራህ ድመቱን ልትወስድበት የዶሮ ቅርጫት ይዛ ስትመጣ አየቻት።

«ቤቶች!»

ረትኖ ጥርት አድርጋ ሰማች። ንቅንቅ አላለችም።

«ቤቶች! ኧረ ሰው የለም?»

ጓሮ ፀሐይ ሲሞቅ የነበረው ክሊዎን እየተንጠራራ ገባ። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ሰው እንዳለበት አየና ቆመ። ከዚያ መዳፉን አንስቶ እግሯን ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

ረትኖ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ቀና አለች። ራሷን ነቅነቅ አደረገችለትና በሩን ልትከፍት ተነሳች።