ውረጂ ያሉኝ ቀን

ኦቦ ፈየራን የገጨኋቸው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ አለበለዚያ ነገሩ ያልገባው ሁሉ «ድንቅቱ የራሷን ጥፋት ደብቃ ሰው ላይ ትጮኻለች» ይለኛል። የግራ እግራቸውን አውራ ጣት በፊተኛው ጎማዬ ወጣሁበት። ጥፍራቸው ጠቆረ፣ ሳምንት ሙሉ አነከሱ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አለቀ።

የተከሰስኩት ግን በጣታቸው አይደለም። ደሜን ያፈላው እሱ ነው።

ጊዜው ነሐሴ 1976 ነው፣ አምቦ። አሥረኛው የአብዮት በዓል እየደረሰ ስለነበር ቀበሌው ከገበያው መታጠፊያ እስከ ሁሉቃ ድልድይ ያለውን የእግረኛ መንገድ አስጠርጎ፣ የጠርዙን ድንጋይ በኖራ አስቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ ቤት ይጠብቀው ጀመር። ሱቅ በደረቴ ተባረረ፣ ጫማ ጠራጊ ተባረረ፣ ቅቤ ይዘው የሚቀመጡ ሴቶች ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ተገፉ። ቀጥሎ ተራው የእኔ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ፣ ግን ሞኝ ነኝ፣ አላወቅኩም።

እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። ሁለቱም እግሮቼ በአራት ዓመቴ በልምሻ ቀርተዋል። እስከ ሃያ ሦስት ዓመቴ የሄድኩት በእጄ ነው፤ በረባሶ ጫማ እጆቼ ላይ አጥልቄ፣ ወገቤን ከኋላ እየጎተትኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያየሁት የሰው ጉልበትና የቀሚስ ጠርዝ ነበር። ከዚያ በቤተ ክርስቲያናችን በኩል ወንበሬ መጣች። ሦስት ጎማ፣ በእጅ የሚዘወር ፔዳል፣ ሰንሰለትና ፍሬን አላት። በተቀመጥኩባት በመጀመሪያው ቀን የሰፈሬን ሰው ፊት በፊቱ ቁመት አየሁት፤ ግማሹ ካሰብኩት በላይ አስቀያሚ ነው።

እሷ ባትኖር ሥራ የለኝም። የእግረኛው መንገድ ባይኖር ደግሞ እሷ ራሷ ከንቱ ናት። አስፋልቱ የነቀምቴ መንገድ ነው፤ ቡና የጫነ ተሳቢ መኪና ቁልቁል ሲመጣ ለማንም አይመለስም። ባለፈው ግንቦት የእግረኛው መንገድ ተቆፍሮ በነበረ ጊዜ አስፋልት ዳር ወረድኩና አንድ ተሳቢ የኋላ ጎማዬን ነክቶ ቦይ ውስጥ ከተተኝ። ወንበሬ በላዬ ተገልብጣ ጭቃ ስጠጣ ቆየሁ። ሁለተኛ ቢነካኝ ተርፌ አልነግራችሁም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ወደ ድልድዩ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ለቀቅኩት። ሆን ብዬ ነው። እናንተ ሩጫን በእግራችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔ የማውቀው እዚያች ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው። ካፊያው ፊቴን ሲመታኝ ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ። አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ ከሱቅ በር ድንገት ብቅ አለች። እሷን ስሸሽ ኦቦ ፈየራ ላይ ወጣሁ።

እኚህ ሰው ከካቺሲ ገጠር ለሕክምና መጥተው ልጃቸው ቤት የከረሙ ሽማግሌ ናቸው። ያን ጊዜ አላውቃቸውም ነበር። አልጮኹም። ዱላቸውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙና አዩኝ፤ የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ጎዳሁዎት?» አልኩ።

ወደ ጎማዎቼ ተመለከቱ። ደግሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። በመጨረሻ «ከላይ ሆነሽ?» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ዝናብ ስለነበር ከወገቤ በታች ሸራ አልብሼ ነበርና እግሬን አላዩትም። ሰው እየተሰበሰበ ሲመጣ አፈርኩ፣ ፔዳሌን አዙሬ ሄድኩ።

ማክሰኞ መጥሪያ መጣልኝ። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሐሙስ ጠዋት ይፈልግሻል ይላል።

አዳራሹ ከመሬት ጋር እኩል ስለሆነ እየነዳሁ ገባሁ። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ መሐል ያለው ሰብሳቢው ጓድ ከበበው ነው። ከበበውን ላስተዋውቃችሁ፦ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። በእጄ ስሄድ ደብተሬን የሚይዝልኝ እሱ ነበር። አሁን ካኪ ለብሶ ከነመኖሬም የሚያውቀኝ አይመስልም። ኦቦ ፈየራ ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እየነዳሁ ስገባ አይተው «እዚህም?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ክሱ ተነበበ። «ተከሳሽ በተሽከርካሪ ላይ ተቀምጣ በእግረኛ መንገድ ስታልፍ፣ ሽማግሌ ረግጣ፣ ሳትወርድ፣ ከላይ ሆና በንቀት ተናግራ ሄዳለች።»

ሳትወርድ። ይኼኔ ነው የገባኝ።

በእኛ አገር በቅሎ ወይም ፈረስ ላይ ያለ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል። ወርዶ፣ ቆሞ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ነው የሚያልፈው። ከላይ ሆኖ የሚናገር ሰው ባለጌ ነው፤ እኔም ብሆን ባለጌ እለዋለሁ። ኦቦ ፈየራ እንዲህ ዓይነት ወንበር አይተው አያውቁም። የከተማ ልጅ አንድ ነገር ላይ ተፈናጣ፣ እግራቸውን ረግጣ፣ ለመውረድ እንኳ ተጠይፋ የሄደች መስሏቸዋል። ጣታቸው ከነመኖሩም ትዝ አላላቸውም፤ ያመማቸው ንቀቱ ነው። እሳቸው ላይ መናደድ አልቻልኩም።

ከበበው ግን ያውቃል። አንጀቴ ቅጥል ያለው በእሱ ነው። ክሱን ሲቀበል «አባቴ፣ ልጅቷ እኮ እግር የላትም» ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አላለም። በዓሉ ደርሷል፣ የተቀባ ድንጋዩን ጎማ ሊያቆሽሽበት ነው፤ ሲጠብቀው የነበረ ምክንያት በእግሩ መጣለት።

«ጓድ ድንቅቱ» አለ ወረቀቱን እያየ፣ «የተሽከርካሪ ቦታ አስፋልት ነው። ከዛሬ ጀምሮ የእግረኛውን መንገድ ትለቂያለሽ።»

«አስፋልቱ ግንቦት ላይ ምን እንዳደረገኝ ታውቃለህ» አልኩት። «ከቦዩ ስወጣ ቆመህ እያየህ ነበር።»

«የግል ጉዳይ አታምጪ።»

«መሞቴ የግል ጉዳይ ከሆነ ይሁን። ክሱ ግን አልወረድሽም ነው የሚለው?»

«ነው።»

«እንግዲያው ልውረድ።»

ሸራውን ገልጬ ጣልኩት። ቀኝ እጄን መቀመጫው ላይ፣ ግራዬን የጎማው መከለያ ላይ አድርጌ ወረድኩ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ሰው በጫማው ባመጣው ጭቃ ጨቅይቷል። በረባሶዬን ካወለቅኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ መዳፌ ለስልሶ ኖሯል፣ ጠጠሩ ወጋኝ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሊያነሱኝ ተሯሯጡ። «እንዳትነኩኝ» አልኳቸው። ድምፄ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ ብቻ ቆሙ።

ከወንበሬ እስከ ኦቦ ፈየራ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። በእጄ ስሄደው ረጅም ነው። ቀሚሴ ከኋላዬ ጭቃውን እየጠረገ መጣ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የእኔ መጎተት ብቻ ነበር። እግራቸው ሥር ስደርስ ቀና ብዬ፣ በደንብ፣ እንደሚገባው፣ በራሳቸው ቋንቋ እንዴት አደሩ ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው።

«አካም ቡልታን፣ አባ ኮ? ይኸው ወርጃለሁ።»

ኦቦ ፈየራ ጎንበስ አሉ። እግሬን አዩ፣ ወንበሬን አዩ፣ ተመልሰው እግሬን አዩ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ፊታቸው ላይ ያዙት።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ማንም አልነገረኝም። ዋቃ ኮ፣ አምላኬ፣ ማንም አልነገረኝም እኮ።»

«አውቃለሁ። ጓድ ከበበው ግን ሊነግርዎት ይችል ነበር።»

ከበበው ወረቀቱን አገላበጠ። አጠገቡ የተቀመጡት ዳኞች ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያያሉ።

«ጣትዎን መርገጤ ጥፋት ነው» ብዬ ቀጠልኩ። «ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ለቅቄ ነበር፣ ደስ ብሎኝ። ለዚያ የፈለጉትን ይፍረዱብኝ። ከእንግዲህ እዚያ ቦታ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ሱቅ በር ላይ እቆማለሁ፤ ከኋላ ስመጣ ድምፅ አሰማለሁ። አልወረድሽም ለሚለው ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ያ መንገድ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ መቶ ሽማግሌ ያልፋል። ለመቶውም እንዲህ ልውረድላቸው?»

ኦቦ ፈየራ ተነሱና ወደ ዳኞቹ ዞሩ። «ክሴን ትቻለሁ» አሉ። «በእኛ ዘንድ በሽተኛ ተሸክመው ሲያልፉ እግረኛው ነው ከመንገድ የሚወርደው። ለዚህች ልጅም እኛ እንወርድላታለን።»

ሰው ሁሉ ልክ ነው፣ ልክ ነው አለ። አንዲት ሴትዮማ ማልቀስ ጀመረች። እኔን ሌላ ንዴት ያዘኝ። መልካም ሰው ናቸው፣ አውቃለሁ፤ ግን ምላሴ አያርፍም።

«አባቴ፣ እኔ በሽተኛ አይደለሁም» አልኩ። «ወደ ሥራ የምሄድ ሰው ነኝ።»

ከዚያ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። መውጣቱ ከመውረዱ ይከብዳል። በመጀመሪያው ሙከራ ወንበሯ ወደ ኋላ ሸሸችብኝ፤ ፍሬኗን አልያዝኩትም ነበር። አሁንም ማንም እንዲያግዘኝ አልፈቀድኩም። ሁሉም ቆሞ ይጠብቀኝ፣ ምን አስቸኮለው። በሦስተኛው ወጣሁና ሸራዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

ከበበው ጉሮሮውን ጠረገ። «ክሱ ተዘግቷል» አለ። «የቀበሌው መመሪያ ግን እንዳለ ነው። በዓሉ እስኪያልፍ ተሽከርካሪ በአስፋልት ይሄዳል።»

«ከበበው» አልኩት፣ «ጓድ» የሚለውን ትቼ። «አልወርድም።»

«ጥበቃ አለ።»

«ይኑራ።»

ኦቦ ፈየራ ዱላቸውን ይዘው እያነከሱ ቀድመውኝ ወጡ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። የእግረኛው መንገድ ላይ የሚያስወጣው ዝቅ ያለ ቦታ ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት ነው፤ እዚያ የአብዮት ጥበቃው ሞቱማ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረኝ ፍሬን ያዝኩ።

«በአስፋልቱ ሂጂ ተብሏል» አለኝ።

«ሞቱማ፣ ወይ ተኩስ ወይ ዞር በል። ሥራ ረፍዶብኛል።»

ሞቱማ ከእኔ ወደ አዳራሹ በር፣ ከበሩ ወደ እኔ ተመለከተ። ደረቱን ነፋ። ከዚያ ሲጋራ እንደሚፈልግ ሰው ኪሱን እየዳበሰ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ወጣሁ።

ኦቦ ፈየራ ከፊቴ ናቸው። ቀስ ብዬ ነው የተጠጋኋቸው፣ «አባቴ፣ መጣሁ» ብዬ ከሩቁ ተናግሬ። ዞር አሉ፣ አዩኝ፣ ወዲያው ከጠርዙ ወርደው አስፋልቱ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። ከጉደር በኩል የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ይመጣል።

«ይውጡ፣ አባቴ» አልኩ።

«እለፊ። እኔ እግር አለኝ።»

«ደህናው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላውን እኔ ረግጬዋለሁ። ይውጡ እንጂ፣ መኪናው መጣ።»

«ካለፍሽ በኋላ።»

«ካልወጡ አላልፍም። እዚህ ማንም ለማንም አይወርድም፤ ለሁለታችን ይበቃል።»

እጄን ዘረጋሁላቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰውነቴን ሙሉ የተሸከመ ክንድ ነው፣ ሰው ማንሳት አያቅተውም። አንገራገሩ፣ መኪናውን አዩ፣ በመጨረሻ ያዙኝ። ስቤ አወጣኋቸው። መኪናው የቦዩን ውሃ ሁለታችን ላይ ረጭቶ አለፈ።

ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ባርኔጣቸውን ደፉ። እሳቸው በግድግዳው በኩል፣ እኔ በጠርዙ በኩል ሆነን መሄድ ጀመርን። መንገዱ ሰፊ አይደለም፤ ጋቢያቸው ጎማዬን ይነካል፣ ክርኔ ዱላቸውን ይነካል። ከፊታችን የሚመጣው ሰው ትከሻውን ትንሽ ዘወር እያደረገ ያልፈናል። ነጩ ድንጋይ ላይ የጎማዬ ጭቃ እየታተመ ተከተለን። ኦቦ ፈየራ፣ ከበበው አዳራሹ በር ላይ ቆሞ እያየን እንደሆነ ነገሩኝ።

እኔ ዞሬም አላየሁት። ይየን።