ሁልጊዜ ከሰዓት

የሩሀማ ትምህርት ቤት ለተማሪው ሁሉ የሚበቃ ክፍል ስለሌለው በፈረቃ ያስተምራል። አንድ ወር ጠዋት የገባ በሚቀጥለው ወር ከሰዓት ይገባል። ሩሀማ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ ስትኖርበት ችግሬ ነው ብላ አታውቅም። ዘንድሮ፣ አስራ አንደኛ ክፍል ሆና፣ መናኸሪያ አካባቢ ያለ ኮሌጅ ፈትኖ ተቀበላትና ከኮሌጅ ተማሪዎች ጋር ካልኩለስ ጀመረች። ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት ነው። አራት ቀን የቀረ ይሰረዛል።

ስትመዘገብ ከሰዓት ፈረቃ ላይ ስለነበረች የወሩን መዞር ጭራሽ ረስታው ነበር። ክፍሏ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ጠዋት ይገባል። በራሷ ተናደደች፤ ንዴቱ ግን አላደረም። ረቡዕ ዕለት ፈረቃውን ወደሚመድቡት ወደ መምህር ተፈራ ቢሮ ገባች።

«ቲቸር፣ እኔን ከሰዓት ያስቀሩኝ።»

መምህር ተፈራ ከወረቀታቸው ቀና አላሉም። «አንቺን ብቻ? ሌላው ምን በደለ?»

«ሌላው ኮሌጅ አይማርም።»

«አንቺስ ማን ተማሪ አለሽ? መጀመሪያ አስራ ሁለተኛን ጨርሺ።»

አልወጣችም። እሳቸውም ሰለቻቸው። «ትርፍ ወንበር የለኝም። በየወሩ ቦታ የሚለዋወጥሽ ሰው ከተቃራኒው ፈረቃ፣ ከ‹ለ› ክፍል ካገኘሽ፣ ወላጅ አስፈርመሽ አምጪ። ግን በሁለት ክፍል የሚመላለስ ተማሪ ደረጃ አይወጣለትም። አንደኝነቱን እርሺው።»

በማግስቱ የጠዋቱ ፈረቃ ሲለቀቅ በር ላይ ቆማ የ«ለ»ን ልጆች አንድ በአንድ ጠየቀች።

«ሁልጊዜ ጠዋት?» አለ አንዱ። «እንቅልፌን አንቺ ልትተኚልኝ ነው?»

አስራ አንድ ሰው እምቢ አላት። አስራ ሁለተኛዋ ሳያት ነበረች፤ ጓንቷን ቦርሳዋ ላይ ያንጠለጠለች የሴቶች ቡድን በረኛ።

«ከሰዓት በገባን ቁጥር ልምምድ ያመልጠኛል፤ አሰልጣኙም ተጠባባቂ ያደርገኛል» አለች ሳያት። «ሁልጊዜ ጠዋት ነው ያልሽው?»

«ሁልጊዜ። ደረጃ ግን አይወጣልንም።»

ሳያት ሳቀች። «ሃምሳ ሦስተኛ ነኝ እኮ። በገላገለኝ። አንቺስ ስንተኛ ነሽ?»

«አንደኛ።»

«ውይ፣ አንቺን ነው የጎዳሽ።»

ማታ ሩሀማ ወረቀቱን እናቷ ፊት አኖረች። ወይዘሮ አበበች የመሥሪያ ቤት ሰው ናቸውና ሳያነቡ አይፈርሙም። ሁለቴ አነበቡት።

«ደረጃ አይኖርሽም?»

«ማርኬ ይኖራል።»

«ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ በየሴሚስተሩ ‹ስንተኛ ወጣች?› ይለኛል። ምን ልበል?»

«ኮሌጅ ትማራለች በያቸው።»

«ቆይ፣ ተፈራን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ላስለምንልሽ።»

«እማ፣ ፈረቃው ሰኞ ይዞራል። ሰው እስክታፈላልጊ እሰረዛለሁ።»

«ኮሌጁን ብትወድቂስ?»

«እደግመዋለሁ።»

«በአስራ ሰባት ዓመትሽ ወድቀሽ?»

«በአስራ ስምንቴ አልፌ።»

ወይዘሮ አበበች ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን አራት የአንደኝነት ሰርተፊኬቶች አንድ ጊዜ አዩና እስክሪብቶ አምጪ አሏት። ለመፈረም ግን ጊዜ ወሰዱ።

ዓርብ ዕለት መምህር ተፈራ ሁለቱንም ፊርማዎች መረመሩ። የሳያትን ስም ከደረጃ ዝርዝሩ ላይ ሳያመነቱ ሰረዙት። ሩሀማ ላይ ሲደርሱ ቀዩን እስክሪብቶ ያዝ አደረጉት።

«አንዴ ከሰረዝኩ ለዓመቱ አልመልሰውም።»

«ገብቶኛል፣ ቲቸር። ይሰርዙት።»

በማስመሪያ ቀጥ አድርገው ሰረዙት። ሩሀማ ግን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ምን ቀረሽ?»

«በሁለተኛው ሴሚስተር ፊዚክስ ልጨምር ነው። እሱም ጠዋት ነው። ይኼው ወረቀት ያገለግላል?»

መምህር ተፈራ መነጽራቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩዋት።

«ውጪልኝ» አሉ።

አያገለግልም ስላላሉ፣ እንደሚያገለግል ቆጥራ ወጣች።