ዳገት ላይ የምትለግም መኪና

እንደ አክስቴ አባባል፣ መኪናዋ ከተገዛችበት ሳምንት ጀምሮ ዳገት ላይ ትለግማለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይሰማውም። ነዳጁን ስትረግጠው ጩኸቱ ይብሳል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም፤ ቆይታ ደግሞ አንድ ሰው ከኋላ በእግሩ የመታት ይመስል ዘላ ትሄዳለች። አክስቴ ከዚህ በፊት አውቶማቲክ ነድታ ስለማታውቅ መጀመሪያ ላይ የራሷ አለመልመድ መስሏት ዝም ብላ ነበር።

እንደ ሻጩ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አባባል ደግሞ፣ መኪናዋ ያገለገለች ብትሆንም ከግቢያቸው ስትወጣ ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮዋ አንዳች እንከን አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ ተመልሳ መጥታ ሁለቴም ተነድታ ታይታለች፤ ሁለቴም አልተደናቀፈችም። ችግር ካለ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ሳይሆን መሪውን የያዘው ሰው ጋ ነው። ይህን እንኳ በጨዋ ቋንቋ ነው የተናገረው፤ «የአነዳድ ሁኔታ» ነበር ያለው።

እኔ ሁለቱንም አምናቸው ነበር። አክስቴ የማትዋሽ ሰው ናት። ሥራ አስኪያጁም ሲዋሽ ፊቱ የሚያሳብቅበት ዓይነት ሰው ነው፤ ፊቱ ግን አላሳበቀበትም።

አክስቴ የልብስ እጥበት ቤት አላት። ደንበኞቿ ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች ናቸው፤ አንሶላቸውንና ፎጣቸውን ታጥብላቸዋለች። ማጠቢያው ያለው ውሃ እንደ ልብ በሚወርድበት፣ ከዳገቱ ግርጌ ነው። እዚያ ግን ቤቶቹ ተጠጋግተው ፀሐይ ስለማያስገቡ ማስጫ ቦታ የለም። ስለዚህ ዳገቱ አናት ላይ የአንድ ሕንፃ ጣሪያ ተከራይታለች፤ ነፋሱ እዚያ ለጉድ ነው። እርጥቡ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደረቁ ወደ ታች ይወርዳል። የሚያመላልሰው ያቺው መኪና ናት። መኪናዋ የቆመች ቀን እርጥብ አንሶላ ከረጢት ውስጥ ያድራል፤ ያደረ አንሶላ ይሸታል፤ የሸተተ አንሶላ የደረሰው ማረፊያ ደግሞ ሌላ አጣቢ ይፈልጋል። ሁለቱ ትልልቅ ደንበኞቿ «እስቲ ይችን ወር እንይ» ማለት ጀምረው ነበር። ከኮሌጅ ወጥቼ ሥራ እስካገኝ እሷ ጋር እያገዝኩ ስለነበር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ድርጅቱ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ።

የድርጅቱን መካኒክ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። መኪና ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አፉንም ትንሽ ከፈት ያደርጋል። መኪናችንን ይዞ ወጣ፣ ሰፈሩን ዞሮ ተመለሰና ቁልፉን ለአክስቴ ሰጣት።

«ምንም የላትም እናቴ። እኔን ስታይ ትድናለች መሰለኝ።»

«ልጆችም እንዲሁ ናቸው» አለች አክስቴ። «ሌሊቱን ሲያቃጥላቸው ያድርና ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ይስቃሉ። ለመሆኑ ባዶዋን ነው የምትነዳት?»

«ባዶዋን ነው እንጂ።»

«ባዶዋንማ ለእኔም ትሄዳለች።»

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ ይሰማ ነበር። «እሺ እትዬ፣ ምን ይደረግ ነው የሚሉት?»

«ጠዋት ጭኜ ስወጣ እርስዎም ይህም መካኒክዎ አብራችሁኝ ግቡ። ትለግማለች ያልኩበት ቦታ ካልለገመች ሁለተኛ ደጃችሁን አልረግጥም።»

እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔ እምቢ የምል ይመስለኛል፤ ግቢው ውስጥ ሌላ ገዢ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። እሱ ግን ትንሽ አሰበና «ስንት ሰዓት ነው የሚጭኑት?» አለ።

በማግሥቱ ሁለቱም መጡ። ሥራ አስኪያጁ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። እኛ እርጥቡን ከረጢት እየተሸከምን ስንጭን መኪናዋ በኋላ እግሮቿ ቁጢጥ እያለች ሄደች። ከኋላው ወንበር ግማሹ ታጥፎ ግማሹ ላይ እኔና ጆሮ ተጣብቀን ተቀመጥን፤ ጉልበታችን ላይ አንድ ከረጢት ፎጣ ተጋድሞብናል። ከፊት የተረፈች አንዲት ቅርጫት ነበረችና አክስቴ ሥራ አስኪያጁን እያየች «ይቅርታ ወንድሜ፣ ያቅፏታል?» አለችው።

«አቅፋታለሁ» አለ። ሸሚዙ ወዲያው ረጠበ።

«እንግዲህ ዛሬ በደንብ ታጥበው ነው የሚመለሱት።»

እሱም ሳቀ። ዳገቱን ጀመርነው። መጀመሪያ ላይ መኪናዋ ምንም አላለችም። ከግማሹ በላይ መንገዱ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት፣ የቆርቆሮ መሸጫው ጋ ስንደርስ ሞተሩ መጮኽ ጀመረ። ጩኸቱ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፤ መኪናዋ ግን ባለችበት የምታስብ ትመስል ነበር። ከኋላችን የነበረው አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ። ከዚያ ድንገት ዘለለች፣ ቅርጫቷም የሥራ አስኪያጁን አገጭ መታችው።

ጆሮ ዓይኑን እንደጨፈነ «ያዳልጣል» አለ።

«ለገመች» አለ ሥራ አስኪያጁም አገጩን እያሻሸ። «እውነትዎን ነው እትዬ። ለገመች።»

ሌላ ሰው ቢሆን «አላልኩም ነበር?» ይል ነበር። አክስቴ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልፋታችሁ ከንቱ አልቀረም» ብቻ አለች።

ጣሪያው ላይ ወጥተን እርጥቡን አራገፍን። ማንም ሳይጠይቀው ጆሮ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዞ ከአክስቴ ጋር እያራገፈ ሰጣ። የትናንቱን ደረቅ አጣጥፈን ጫንንና ወደ ታች ተመለስን። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ሥራ አስኪያጁ መኪናዋ መቼ ገብታ መቼ እንደምትወጣ፣ ስትሸጥ በተሰጠን ዋስትና ምን ምን እንደሚሸፈን ያስረዳን ጀመር። እኔም ለሁለቱ ደንበኞች ምን እንደምንላቸው በሐሳቤ አዘጋጅ ነበር።

መንገዱ ማዘቅዘቅ ሲጀምር የአክስቴ ቀኝ እጅ ከመሪው ወረደና የማርሹን ዘንግ ሞተሩ ከጎማው ወደሚላቀቅበት ወደ ዜሮ ገፋው። የሞተሩ ድምፅ ረገበ፣ መኪናዋም በራሷ ክብደት መንሸራተት ጀመረች። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እጇ እንደገና ወርዶ ዘንጉን መለሰው። ከእግራችን ሥር ድም አለ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ሁልጊዜ እሰማት ነበር፣ ከመንገዱ ጉድጓድ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር።

ጆሮ ዓይኑን ገለጠ።

«እናቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አሁን ዜሮ አደረጓት?»

«አዎ።»

«መቼም ሰው ስላሳፈሩ ግር ብሎዎት ነው የሚሆነው። እጅ አንዳንዴ ሳይታወቅ ይሄዳል።»

ለእሷ ብሎ ነው የተናገረው፤ መውጫ እየሰጣት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ዞሯል። አልሰማሁም ለማለት ይሁን መልሷን ለመጠበቅ አላውቅም። እኔ በሆዴ «አዎ በዪ፣ አዎ በዪ» እያልኩ ነበር።

«አይ ልጄ» አለች አክስቴ። «ሁልጊዜ ነው። ቁልቁለት ላይ በዜሮ ነው የማወርዳት። ወንድሜ ነው ያስተማረኝ፣ የዚህ ልጅ አባት። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቷል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚያቃጥለውን ሹፌር አልለውም ይላል።»

እስከ እጥበት ቤቱ ድረስ በማርሽ ወረደች፤ እጇ ሁለት ጊዜ ወደ ዘንጉ ሄዶ ሁለት ጊዜ ባዶውን ሲመለስ አየሁ።

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። እንዲያውም ቃል እንኳ አይደለም፤ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ሐቀኛ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኞቻችን የምንጠየቀውን ነው በሐቅ የምንመልሰው። መካኒኩ መልሱን ራሱ ሠርቶ እጇ ላይ ቢያስቀምጥላትም፣ ያልሆነውን «አይደለም» ብላ ስትመልስ ያየሁት ግን እሷን ብቻ ነው። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ፍሬኗንም እንደወትሮው ቀስ አድርጋ ነው የያዘችው።

እጥበት ቤቱ በር ላይ ወርደን ቆምን። ጆሮ ሁለት መዳፎቹን አጣብቆ አሳያት።

«ካምቢዮው ውስጥ እንደ ሳህን የተደራረቡ ነገሮች አሉ። ዘይቱ ይገፋቸውና እንዲህ ይያያዛሉ። እየበረሩ ከዜሮ ሲመልሷት በአንዴ ይጋጫሉ፣ ይፋተጋሉ። ሲደጋገም ያልቃሉ። ያለቀ ሳህን ጭነት ሲበዛበት ያዳልጣል።»

«ስለዚህ እኔ ነኛ ያበላሸኋት።»

«እሱን አላልኩም። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ አስቀድሞ አርጅቶም ከሆነ ልክ እንዲሁ ነው የምታዳልጠው። ከመጀመሪያው ሳምንት ነው ያሉት አይደል?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት።»

«እንግዲያ እሱም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሆኖ ማንም አይለየውም። ካልተፈታ አይታወቅም።»

ሥራ አስኪያጁ የረጠበ ሸሚዙን ከደረቱ ላይ አላቀቀ። «እትዬ፣ ያልኩትን አላጥፍም። ዳገቱ ላይ ለግማለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዋስትናው ግን የአነዳድ ጥፋት አይሸፍንም፤ ዜሮ ሲያደርጓት ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር ልበልዎት። አንደኛው፣ ሳንፈታ ግቢያችን ካለው ደህና ካምቢዮ አውጥተን እንገጥምልዎታለን፤ ግማሹን እኛ ግማሹን እርስዎ። ጥፋቱ የማን ነው የሚባል ነገር እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው መፍታት ነው። ፓምፑ ከሆነ ሁሉም በእኛ። ሳህኖቹን የጨረሰው ዜሮ ማድረግዎ ከሆነ ግን መፍቻውም መሥሪያውም በእርስዎ ነው።»

«አንተ ብትሆን?» አለችው። በዚያ ሁሉ ምልልስ «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር፤ እንደ ወንድም ነው የጠየቀችው።

«የራሴ እህት ብትሆኚ ግማሹን ያዢ ነው የምልሽ» አለ። አመንኩት።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ግማሹን ወገቧን አጥብቃ ትወጣዋለች። ሙሉው ከመጣባት የጣሪያውን ኪራይ መልቀቅ አለባት፤ ጣሪያው ከሌለ ደግሞ እጥበት ቤቱ የለም። ወደ ጎን ወሰድ አድርጌ «አክስቴ፣ ግማሹ ይሻላል» አልኳት።

«ለማን?»

«ለሁላችንም።»

ወደ እነሱ ተመለሰች። መኪናዋን አንድ ጊዜ አየቻት።

«እኔ ካበላሸኋት» አለች፣ «ግማሹን ያለ ዕዳችሁ አስከፈልኳችሁ ማለት ነው። እኔ ካላበላሸኋት ደግሞ እኔ ያለ ዕዳዬ ከፈልኩ። በየትም በኩል ቢሆን አንዳችን ተበድለናል።»

«የእኛን በደል ችለነዋል እኮ ነው የምልዎት።»

«እናንተ ቻላችሁት። እኔ አልቻልኩትማ። ዳገቷን በወጣሁ ቁጥር ‹ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም› እያልኩ ልነዳ ነው?»

ጆሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። አክስቴ የመኪናዋን ቁልፍ ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ለመካኒኩ ዘረጋችለት።

«ይፈታ» አለች። «እኔም አጠገብህ ቆሜ አየዋለሁ። የእኔ ጥፋት ሆኖ ከተገኘ እኔ እከፍላለሁ።»